እግሩን አሳዩኝ፣ ስሙንስ አውቀዋለሁ

የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የኤንቢኤ፣ የዝውውር ገበያ በተከፈተ ቁጥር ታላቅ ወንድሜ እንቅልፍ ይነሳኛል። "ማን እንደፈረመ አየሽ?" ብሎ ይጀምራል። ወንድም ጋሼ ለስም ደካማ ነው። የፈረመው ሰው 37 ይሁን 40፣ እሱ የሚታየው የዛሬ አሥር ዓመቱ ጎረምሳ ነው። "በቃ፣ ዋንጫው አለቀለት" ይለኛል። ያረጀ ኮከብ ማስፈረም ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለው ክርክራችን የሚነሳው ከዚህ ነው። እስካሁን አልተቋጨም።

እኔ ታዳጊ ሴቶችን ነው የማሰለጥነው። ስውል የማየው እግር ነው። ስለዚህ አንድ አንጋፋ ሲፈርም ያለፈው ዓመት የነጥብ አማካዩ ብዙም አያጓጓኝም። ቡድኑ ኳስ ሲነጠቅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት እርምጃዎች እንዴት እንደሚራመድ ማየት እፈልጋለሁ። ዞሮ ይሮጣል? ወይስ እጁን ዘርግቶ ዳኛው ላይ ያጉረመርማል? የሚያጉረመርመው ብዙ ጊዜ እግሩ ስላልታዘዘው ነው።

በመደበኛው የውድድር ዘመን ይህን መደበቅ ይቻላል። 82 ጨዋታ ነው፤ ተጋጣሚውም ደክሞታል፣ ሻንጣውን ይዞ ከከተማ ከተማ ይዞራል። ፕሌይ ኦፍ (የዋንጫው ጥሎ ማለፍ) ላይ ግን ከአንድ ቡድን ጋር እስከ ሰባት ጊዜ ፊት ለፊት ትቆማላችሁ። ያኔ ሽማግሌውን ፈልገው ያገኙታል። እሱ የሚጠብቀው ተጫዋች መጥቶ ኳስ ለያዘው ፈጣን ጋርድ (ኳስ አደራጅ) ስክሪን ይሠራል፤ ማለትም የጋርዱን ጠባቂ በሰውነቱ ይጋርዳል። ጠባቂዎቹ ይቀያየራሉ። ሰውዬው ከ23 ዓመት ልጅ ጋር ሜዳ መሃል ብቻውን ይቀራል። አንዴ አይደለም፤ አሰልጣኙ አዝኖለት እስኪያስወጣው ድረስ በየተራው ነው። በማግስቱ ጋዜጣው "15 ነጥብ አስቆጠረ" ብሎ ይጽፋል። በእሱ በኩል የገባበትን ማን ይቆጥራል?

ለወንድሜ ሁሌ የማነሳለት የ2003–04ቱን ሌከርስ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ካርል ማሎን በ40 ዓመቱ፣ ጌሪ ፔይተን በ35 ዓመቱ ሻኪል ኦኒልንና ኮቢ ብራያንትን ተቀላቀሉ። ማሎን ዩታ ጃዝ ቤት 19 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲከፈለው የነበረ ሰው ነው። ለሻምፒዮኖች ለሚሰጠው ቀለበት ሲል በ1.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ዩታ በቆየባቸው 18 የውድድር ዘመናት ያመለጡት ጨዋታዎች 10 ብቻ ነበሩ። ሌከርስ በገባ በጥቂት ወራት ጉልበቱን ተጎዳና በዚያ አንድ ዓመት ብቻ 40 ጨዋታ አመለጠው። ፍጻሜው ላይ ዲትሮይት ፒስተንስ በጨዋታ ብዛት 4 ለ 1 አሸነፋቸው። ማሎንም ያለ ዋንጫ ጫማውን ሰቀለ።

የፔይተን ነገር ይለያል። የእሱ ችግር እግር ብቻ አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ ኳስ በእጁ ይዞ ያዘዘ ሰው፣ በአሰልጣኙ በፊል ጃክሰን ትሪያንግል፣ ኳስ በሁሉም እጅ በሚዞርበት አጨዋወት ውስጥ ጥግ ይዞ ተመልካች ሆነ። በኋላ ማያሚ ሂት ሲገባ ግን ከተጠባባቂ ወንበር መነሳትን ተቀብሎ ነበር። በ2006 ፍጻሜ ማያሚ በዳላስ 2 ለ 0 እየተመራ ሦስተኛው ጨዋታ መጣ። ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩ የማሸነፊያዋን ኳስ ያስቆጠረው ፔይተን ነው። ማያሚም ከዚያ ተነስቶ ዋንጫውን በላ። ያው ሰውዬ ነው፤ ያውም በሁለት ዓመት አርጅቶ። የተለወጠው የተጠየቀው ሥራ ነው።

እኔ የምለው ይህንኑ ነው። ያረጀ ኮከብ ያዋጣል፣ ራሱን ለማሳነስ አስቀድሞ ከተስማማ። ካልተስማማ በነጻም ቢመጣ ውድ ነው።

ሬይ አለንን ውሰዱ። በ2012 ቡድኑ ቦስተን የተሻለ ገንዘብ እያቀረበለት ወደ ማያሚ ሄደ፤ ያውም ከወንበር ተነስቶ ለመግባት። በሊጉ ታሪክ ከታዩት ምርጥ ተኳሾች አንዱ ነው፣ ተጠባባቂ ሆነ። ከዚያ ጁን 2013 መጣ፤ የፍጻሜው ስድስተኛ ጨዋታ። ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ 95 ለ 92 እየመራ ነው። ዋንጫውን ለማስረከብ ሜዳው ዙሪያ ቢጫ ገመድ ይዘው መጥተዋል። ሌብሮን ጄምስ ሦስት ነጥብ ሞከረ፣ ሳተ። ክሪስ ቦሽ ሪባውንዱን፣ ተመልሳ የወጣችውን ኳስ፣ ያዘ።

እዚህ ላይ ቪዲዮውን አቁሙትና የአለንን እግር እዩ። ለሴቶቹ ልጆች ደጋግሜ የማሳያቸው ይህችን ናት። ኳሷ አየር ላይ እያለች እሱ ቀለበቱ አጠገብ ነው። ቦሽ እንደያዛት ወደ ኋላው እየተራመደ ወደ ቀኝ ጥግ ይሸሻል። አንዴም ወደ መስመሩ ጎንበስ ብሎ አያይም። መስመሩ የት እንዳለ እግሩ ያውቀዋል። ኳሷ እጁ ስትገባ ሁለቱም እግሮቹ ከሦስት ነጥቡ መስመር ውጭ ናቸው፤ ከኋላው ያለውን የሜዳ ወሰንም አልረገጠም። ተኮሰ፣ ገባች። 5.2 ሰከንድ ቀርቷል፣ 95 እኩል። ማያሚ በተጨማሪ ሰዓት 103 ለ 100 አሸነፈ፤ ሰባተኛውንም አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

አለን ያኔ 37 ዓመቱ ነበር። በፍጥነት ማንንም አይቀድምም። ግን ገና ወጣት እያለ ወለል ላይ ተኝቶ፣ ብድግ ብሎ፣ ወደ ኋላ እየሮጠ ጥግ ደርሶ መተኮስን ይለማመድ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ከዕድሜ ጋር አይሄድም። የሚሄደው ዝላይና የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ተኩስ፣ ቅብብል፣ የት መቆም እንዳለብህ ማወቅ ይቆያሉ። ገንዘባችሁን ለሚቆየው ክፈሉ።

ዲኬምቤ ሙቶምቦም እንዲሁ ነው። በፌብሩዋሪ 2008 የሂውስተን ሮኬትሱ ያኦ ሚንግ እግሩ ተሰብሮ ከውድድር ዘመኑ ውጭ ሲሆን ቡድኑ 12 ተከታታይ ጨዋታ አሸንፎ ነበር። ሁሉም "አለቀ" አለ። የ41 ዓመቱ ኮንጓዊ ገብቶ ቀለበቱ ሥር ቆመ። ድሉ እስከ 22 ቀጠለ። ሙቶምቦ አሥር ሜትር አልሮጠም፤ መሮጥም አልተጠየቀም።

ወደ ብሩ እንምጣ፤ ወንድሜ "ለርካሽ ነው ያገኙት እኮ" ማለት ይወዳል። ልክ ነው። በ2023–24 አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ የተጫወተ ሰው ዝቅተኛ ደመወዙ 3.2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ለአንድ ዓመት ብቻ ከፈረመ ግን ቡድኑ የሚከፍለው ሁለት ዓመት ልምድ ላለው ልጅ የሚከፈለውን ያህል፣ 2 ሚሊዮን ገደማ ነው። ልዩነቱን ሊጉ ይሸፍናል። የደመወዝ ጣሪያው ላይ የሚቆጠረውም ትንሹ ቁጥር ነው። ሕጉ የወጣው ቡድኖች አንጋፋውን ስለተወደደባቸው ብቻ ገፍተው ልጅ እንዳይወስዱ ነው። ደግ ሕግ ነው።

ግን ዋጋው ብር ብቻ መቼ ሆነ? መደበኛው የተጫዋች ቦታ 15 ነው። ስም ያለው ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ተመልካቹ ስሙን ይጠራል። አሰልጣኙም ሰው ነው፣ ያስገባዋል። ያ ደቂቃ ከአንድ የ21 ዓመት ልጅ የተነጠቀ ነው። ልጁ ደግሞ ካልተጫወተ መቼ ይማራል?

ከደቂቃም የከፋው የድራፍት ምርጫ (አዳዲስ ወጣቶችን በተራ የመምረጥ መብት) መክፈል ነው። በ2013 ብሩክሊን ኔትስ የ37 ዓመቱን ኬቨን ጋርኔትንና የ35 ዓመቱን ፖል ፒርስን ከቦስተን ወሰደ። የከፈለው የ2014፣ የ2016 እና የ2018 የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎችን ነው። በዚያ ላይ የ2017ቱን የመለዋወጥ መብት ጨመረ። ያኔ ሲያስቡት የሩቅ ዓመት ምርጫ ላም አለኝ በሰማይ መስሏቸው ይሆናል። ላሟ ወረደች፤ ቦስተን አለባት። በ2016ቱ ጄይለን ብራውንን መረጠ። የ2017ቱ አንደኛ ምርጫ ሆኖ መጣ፤ ቦስተን ከፊላደልፊያ ጋር ተለዋውጦ በሦስተኛው ጄሰን ቴተምን ወሰደ። ሁለቱ በ2024 ሻምፒዮን ሆኑ። ብሩክሊን በጋርኔትና በፒርስ ያገኘው አንድ የፕሌይ ኦፍ ዙር ማለፍ ነው። ፒርስ በዓመቱ ሄደ።

ስቲቭ ናሽንም ሌከርስ በ38 ዓመቱ በድራፍት ምርጫ ነው የገዛው። በሁለተኛው ጨዋታ እግሩ ተሰበረ፣ ነርቩና ጀርባው ተከተለ፤ በሦስት ዓመት ኮንትራት የተጫወተው 65 ጨዋታ ብቻ ነው። ናሽን እንደ ልጅ እወደው ስለነበር ይህን ብዙ ማውራት አልፈልግም።

የመሳነሱን ነገር ደግሞ በሁለት ሰዎች እዩት። አለን አይቨርሰን በ2009 ሜምፊስ ግሪዝሊስ ገባ። ከወንበር መነሳት አልዋጥልህ አለው። ሦስት ጨዋታ ተጫውቶ ተለያዩ። ችሎታው አልነበረም ያልቻለው፤ 34 ዓመቱ ነበር፣ ገና ማንንም አልፎ ይሄዳል። በአንጻሩ ድዋይት ሃዋርድ በ2019 ወደ ሌከርስ ሲመለስ ደጋፊው በፊት ጥሎን ሄዷል ብሎ ቂም ይዞበታል። የፈረመው ደግሞ ዋስትና የሌለው ኮንትራት ነው፤ ካልጣማቸው ሊያባርሩት ይችላሉ። ሪባውንድ ያዝ፣ ስክሪን ሥራ፣ ዝም በል ተባለ። አደረገው። በ2020 የሻምፒዮን ቀለበቱን አጠለቀ።

ሌከርስ ግን ከዚህ የተሳሳተ ትምህርት ሳይወስድ አልቀረም። በ2021–22 ሃዋርድን መለሰ፣ ካርሜሎ አንቶኒን፣ ትሬቨር አሪዛን፣ ሌሎችንም አንጋፋዎች ሰበሰበ። 33 አሸንፎ 49 ተሸነፈ። አንድ ሽማግሌ መደበቅ ይቻላል። አምስቱን የት ታደርጋቸዋለህ?

ወንድሜ እዚህ ላይ ኮቢን ያመጣብኛል። ሌከርስ በ2013 የተረከዝ ጅማቱ (አኪሌስ) ተበጥሶ ገና ወደ ሜዳ ሳይመለስ ለሁለት ዓመት 48.5 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። በመጨረሻው ዓመት ቡድኑ 17 አሸንፎ 65 ተሸነፈ። በመጨረሻው ምሽት ኮቢ 60 ነጥብ አስቆጠረ። "ያ ምሽት ዋጋ የለውም ትያለሽ?" ይለኛል። አለው እንጂ! ትኬት ተሸጠ፣ ማሊያ ተሸጠ፣ እኔም ቁጭ ብዬ አየሁ። ያ ግን የስንብት ክፍያ ነው። ባለቤቱ ይክፈል፣ መብቱ ነው። ቡድን እየሠራሁ ነው ብሎ ብቻ አይንገረኝ።

ሌብሮንንም እንተወው። በ40 ዓመቱ በሊጉ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋቾች ሁለተኛ ስብስብ ውስጥ የተመረጠ ሰው ለማንም መለኪያ አይሆንም። እሱን አይተው ሌላውን የሚያስፈርሙ ሥራ አስኪያጆች ናቸው ኋላ የሚቸገሩት።

ዛሬ አስፈርሚ ቢሉኝ የምፈልገው እንደ አል ሆርፎርድ ያለውን ነው። በ2024 ክሪስታፕስ ፖርዚንጊስ ሲጎዳ ቦስተን ውስጥ ወደ ቋሚ ተሰላፊነት ተመልሶ፣ በ17ኛ የውድድር ዘመኑ፣ ልክ 38 ዓመት በሞላው ሰሞን የመጀመሪያ ዋንጫውን አነሳ። በተከታታይ ቀናት ጨዋታ ሲኖር አንዱን ያርፋል። ጥግ ላይ ቆሞ ይተኩሳል፣ ከኋላ ሆኖ ተከላካዮቹን ያዛል፣ ነጥብ ሳያስቆጥር ሲያመሽም ፊቱ አይጠቁርም። ኳስ ሲነጠቁም እግሩ አስቀድሞ ዞሯል። አንድ ዓመት፣ በዝቅተኛው ደመወዝ፣ ምንም ምርጫ ሳይከፈል። ወንድም ጋሼ ይህን ስነግረው "ይህማ ኮከብ አይደለም" አለኝ። የሆርፎርድ አምስት የኦል ስታር (የሊጉ ኮከቦች ጨዋታ) ምርጫ ተረስቶት ነው።