አምስት ኢንች የጎደለው ጠርዝ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ የልብስ ማስተካከያ ሱቅ እሠራ ነበር። ሥራችን ባብዛኛው ሱሪ ማሳጠርና ዚፕ መቀየር ነው። አንድ ቀን አንዲት አሜሪካዊት ኩዊልት በፌስታል ይዛ መጣች። ኩዊልት ማለት ቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ፣ መሃሉ ስስ ጥጥ ገብቶበት፣ ከገበሩ ጋር የሚሰፋ የአልጋ ልብስ ነው። እኛ ድሪቶ ሲባል ችግር ነው የሚታየን። ይሄን ግን እናቷ ጀምራው፣ ሳትጨርሰው ነው ያረፈችው። የቀረው ጠርዙ፣ ማለትም ዳር ዳሩን ይዞ የሚሸፍነው ጥብጣብ ብቻ ነበር። ለጠርዙ የሚሆነውን ሰማያዊ ጨርቅም እናትየዋ ገዝታ አስቀምጣዋለች።

የሱቁ ባለቤት፣ እትዬ የምንላቸው፣ ሥራውን ለኔ ሰጡኝ። በጣም ደስ አለኝ።

ለካሁት፤ 58 በ78 ኢንች። ዙሪያው 272። ለአራቱ ጥግ እጥፋትና ለመጨረሻው መጋጠሚያ 12 ስጨምር 284 መጣ። የጨርቁ ወርድ ዳርና ዳሩ ሲቆረጥ 42 ኢንች ነው። ሰባት ጥብጣብ ብቆርጥ 294 ይሆናል፤ አሥር ይተርፈኛል ብዬ በ2.5 ኢንች ስፋት ቆረጥኩ።

ጥብጣቦቹ የሚጋጠሙት በሰያፍ ነው። ቀጥ ተደርጎ ከተሰፋ፣ ሲታጠፍ ድርብርቡ ሁሉ አንድ ቦታ ይከመርና እንደ ቋጠሮ ያብጣል። ሰያፍ ግን ጨርቅ ይበላል። አንዱ መጋጠሚያ የጥብጣቡን ስፋት ያህል፣ 2.5 ኢንች ይወስዳል። ስድስቱ 15 ወሰዱ። እጄ ላይ የቀረው 279 ሆኖ ሳለ እኔ ሐሳቤ 294 ላይ ነው።

ጥብጣቡን በቁመቱ ለሁለት አጥፌ በካውያ ተኮስኩና መስፋት ጀመርኩ። ጥጉን መሥራት በጣም እወዳለሁ። ዳሩ ሩብ ኢንች ሲቀረው መኪናው ይቆማል። ጥብጣቡ በሰያፍ ወደ ላይ ይታጠፍና ተመልሶ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከዚያ ስፌቱ ከአናቱ ይቀጥላል። ሲገለበጥ ጥጉ እንደ ፖስታ ጥግ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ሦስተኛውን ጥግ ዞሬ ረጅሙን ጎን ስጀምር እንደማይደርስ ገባኝ። አምስት ኢንች ይጎድላል። መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ጥብጣቡን እየሳብኩ ሰፋሁት፤ ደረሰ።

እትዬ ኩዊልቱን ወለል ላይ ዘረጉት። ሦስቱ ጎን ለጥ ብሏል። አራተኛው ተጨማዶ ወደ ላይ ተነስቷል። ተንበርክከው በመዳፋቸው ተጫኑት፤ እጃቸውን ሲያነሱ ተመልሶ ተነሳ።

«ስበሽዋል እንዴ ልጄ?»

«አዎ እትዬ። አልደርስ ሲለኝ ነው።»

«ሲታጠብ ወደ ልኩ ይመለሳል እኮ። ያኔ ከዚህም ይብሳል።»

አልተቆጡኝም። ጨርቅ ተርፎ እንደሆነ ብቻ ጠየቁኝ። ተርፏል፤ እናትየዋ አስባበት አትርፋ ነበር የገዛችው።

ስፌቱን ያን ቀን ማታ አንድ በአንድ ፈታሁት። ኩዊልቱ ላይ የእናትየዋ የእጅ ስፌት አለ። እሱን እንዳልነካ ስጠነቀቅ ጣቶቼ ደነዘዙ። ስምንተኛ ጥብጣብ ቆርጬ ቀጠልኩበት። አሁን ሳልስብ፣ ጨርቁን ለቀቅ አድርጌ ሰፋሁ። ከኋላ በኩል ገልብጬ በእጅ ጨረስኩት። ከዚያ ወዲህ ጠርዝ ስሠራ መጀመሪያ የሰያፉን እቀንሳለሁ፤ መቀሱ ከዚያ በኋላ ነው።

ደንበኛዋ ስትመጣ ጠርዙን በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች ዙሪያውን ሁሉ ሄደችበት።

«መጋጠሚያው የቱ ጋ ነው?» አለችኝ።

ለማግኘት እኔም ትንሽ ፈለግሁ።