የከበሮ ሳምፕል ድምፅ ሲመጣጠን

ዛሬ ቀኑ ያለቀው የከበሮ ሳምፕሎችን (በኪቦርድ ለመጫወት የተቀዱ አጫጭር ድምፆችን) ድምፅ በማመጣጠን ነው። አንድን ምት ከቀስታ እስከ ኃይለኛ በደረጃ ቀድቶ እያንዳንዱን ለየብቻ ኖርማላይዝ ማድረግ (ጫፉን ወደ አንድ የተወሰነ ከፍታ ማንሳት) ሥራውን ያበላሸዋል። በጣት ጫፍ የተነካውም በሙሉ መዳፍ የተመታውም እኩል ይጮኻሉ፤ የሙዚቃ ኪቦርዱን ቀስ ብላችሁ ስትነኩት ከበሮው ይደነፋል።

ኦዳሲቲ (የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም) ላይ ሁሉንም ትራክ ምረጡና ኖርማላይዝን ትታችሁ አምፕሊፋይን ተጠቀሙ። ኖርማላይዝ ትራኮቹን ለየብቻ ነው የሚያነሳው፤ አምፕሊፋይ ግን ለሁሉም እኩል ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ይጨምራል። የትልቁ ምት ጫፍ -7 ዴሲቤል ላይ ከሆነ (ጣሪያው 0 ነው) ሁሉም ላይ 6 ጨምሩ፦ ትልቁ -1 ላይ ይቆማል፣ ሌሎቹም ርቀታቸውን ጠብቀው ይከተሉታል።

ከዚያ በፊት ግን ሞገዱ ከዜሮው መስመር ወጣ ብሎ እንደሆነ እዩ። ወጥቶ ከሆነ ኖርማላይዝ ውስጥ ያለውን የዲሲ ኦፍሴት (የዚህ መውጣት) ማስወገጃ ብቻ አብሩ፣ የፒኩን (ጫፉን የሚያነሳውን) ምርጫ አጥፉት። ይህ ከታለፈ ሳምፕሉ ሲጀምርና ሲያልቅ "ጠቅ" ይላል። (ብዙ ሰው ማይኩን የሚረግመው እዚህ ላይ ነው።)

በሉፍስ (ጆሮ በሚሰማው የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ማመጣጠን ለንግግርና ለረጅም የክራር ቅጂ ጥሩ ነው። ለአጭር ምት አይሆንም፤ መለኪያው የሚሠራው በ400 ሚሊሰከንድ ቁራጭ ስለሆነ ከዚያ ላጠረ ምት አይመችም።

በቀስታ የተመታውን ምት 20 ዴሲቤል ስታነሱት የክፍሉ የጀርባ ሹሹታም አብሮ 20 ይነሳል። ስለዚህ ጸጥ ባለ ክፍል ቅዱ። ቅጂው ራሱ ሹሹታ እንዳይጨምር ደግሞ በ24 ቢት (ከተለመደው 16 ቢት በጠራ ደረጃ) ይሁን፤ የትልቁ ምት ጫፍ ከ-12 እስከ -6 መካከል ይሁን። ክሊፕ ያደረገውን (ከጣሪያው ያለፈውን) ዝቅ ማድረግ አያድነውም፣ የሞገዱ ጫፍ አንዴ ተቆርጧል፤ እንደገና ምቱትና ቅዱት።