የቂሊንጦ ማስታወሻ፦ በፈሳሽ ናይትሮጅን የሚደረስበት ስስ ማግኔት

ሐምሌ ነው፤ ቂሊንጦ ላይ ዝናቡ አላባራም። ስለ ስስ ማግኔት ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው ክሮሚየም ትራይአዮዳይድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 አንዱ ንብርብር ብቻውን ማግኔት ሆኖ መገኘቱ ትልቅ ነገር ነበር። ግን ከ45 ኬልቪን በታች መቀዝቀዝ አለበት፤ ያ ደግሞ ሄሊየም ይጠይቃል። አየር ከነካውም እርጥበት ስቦ ይበላሻል። እዚህ ለሚጀምር ሰው የሚመቸው፣ በእኔ እምነት፣ ለአንድ የብረት (Fe) አቶም አንድ ፎስፈረስና ሦስት ድኝ ያለው ክሪስታል (FePS₃) ነው። ስፒኖቹ (የአቶሞቹ ጥቃቅን ማግኔቶች) የሚሰለፉት 118 ኬልቪን ገደማ ላይ ስለሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይበቃዋል። ከፍታችንም ያግዛል፦ የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ናይትሮጅኑ በ77 ሳይሆን በ75 ኬልቪን ገደማ ይፈላል።

ከስፒኖቹ ግማሹ ወደ ላይ፣ ግማሹ ወደ ታች ስለሚያይ አንዱ የሌላውን ያጠፋል፤ ከውጭ የሚለካ ማግኔትነት አይቀርም። የራማን ብርሃን (ከናሙናው ንዝረት ጋር ጉልበት ተለዋውጦ የሚበተን የሌዘር ብርሃን) ግን ይደርስበታል። ስፒኖቹ ሲሰለፉ የክሪስታሉ መደጋገሚያ ክፍል ይሰፋል፣ ተደብቀው የነበሩ ንዝረቶችም ብቅ ይላሉ። ሲሞቅ 100 በሴንቲሜትር (የዚህ የጉልበት ልዩነት መለኪያ) አካባቢ ያለው ሰፊ ጉብታ፣ ሲቀዘቅዝ 88 እና 95 ላይ ሁለት ሹል ጫፎች ይሆናል። እስከ አንድ ንብርብር ድረስ ሥርዓቱ እንደሚጸና እ.ኤ.አ. በ2016 በዚሁ መንገድ ታይቷል። በጣም የምወደው ልኬት ይህ ነው።

ክሪስታሉ በፕላስተር ተልጦ 285 ናኖሜትር ኦክሳይድ ያለው ሲሊኮን ላይ ይለጠፋል፤ በዚህ ውፍረት ስሱ ቅርፊት በማይክሮስኮፕ ይለያል። በክረምት የክራዮስታቱ (ናሙናው የሚቀዘቅዝበት ዝግ ዕቃ) አየር በደንብ ሳይሳብ ማቀዝቀዝ አይገባም፤ የቀረው እርጥበት መጀመሪያ በረዶ የሚሠራው ቀዝቃዛው ቦታ ላይ፣ ማለትም ናሙናው ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚያሳስተው ሌላ ነገር አለ፤ አየሩ ራሱ ራማን ይሰጣል። የናይትሮጅን ሞለኪውል ሲሽከረከር በየ8 በሴንቲሜትሩ ቀጫጭን መስመሮች ያወጣል፣ ልክ ጫፎቻችን ባሉበት ክልል። የብርሃኑን መንገድ በናይትሮጅን መንፋት ችግሩን ያባብሰዋል። አርጎን ይነፋ፤ ነጠላ አቶም ስለሆነ እንዲህ ያለ መስመር የለውም።

ሙቀት መለኪያው የሚያነበው ናሙናው የተቀመጠበትን መዳብ ሙቀት እንጂ ሌዘሩ ያረፈበትን አንድ ማይክሮሜትር ነጥብ አይደለም። ስለዚህ የ95 ጫፍ በሁለቱም በኩል ይለካ፦ ጉልበት ባጣው ብርሃንና ጉልበት ባገኘው ብርሃን። በ633 ናኖሜትር ሌዘር፣ የመሣሪያው ምላሽ ከታረመ በኋላ፣ ያገኘው ላጣው ሲካፈል በ75 ኬልቪን 0.17 ገደማ ይሆናል። 0.26 ከደረሰ ነጥቡ 100 ኬልቪን አካባቢ ሞቋል፤ ኃይሉ ይቀነስ። ከ100 ማይክሮዋት በታች መጀመር ይሻላል፣ ለነጠላ ንብርብር ረጅም ደቂቃዎች መጠበቅ ቢያስፈልግም።

መብራት ሄዶ ከመጣ ሌዘሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሙቅ፣ ከዚያ የሲሊኮኑ ጫፍ 520.5 ላይ መሆኑ ይታይ። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት 7 ብቻ ስለሆነ፣ መሣሪያው በ1 ወይም በ2 ሸሽቶ ከሆነ መብራቱ ከመሄዱ በፊትና ከመጣ በኋላ የተወሰዱት መረጃዎች መደመር የለባቸውም።