«አውጪን» ብዬ ለመንኳት፣ አወረደችኝ

ስለቴ ሁለት ነበር። አንዱ ጣና ሐይቅ ላይ ዘጌ ላለችው ለኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ዣንጥላ ማስገባት ነው፤ እሱን የካቲት 16፣ በክብረ በዓሏ ቀን ፈጽሜአለሁ። ሌላው የተደረገልኝን ለሰው መመስከር ነው። ይኸው ልመስክር።

መስከረም መጀመሪያ ላይ፣ ትምህርት ሳይከፈት፣ የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ እኔ ጋ ባሕር ዳር መጣ። 16 ዓመቱ ነው። ጢስ ዓባይን ሳያይማ አይመለስም ብዬ ይዤው ሄድኩ። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በበጋ ውኃው ለመብራት ስለሚጠለፍ ፏፏቴው ይሳሳል። በሙሉ ግርማው ማየት የፈለገ ሰው ክረምቱ ሲወጣ ነው መሄድ ያለበት። እኛም እንደዚያ አየነው። የዓላታን የድንጋይ ድልድይ ተሻግረን፣ ፊት ለፊቱ ቆመን፣ ጢሱ ልብሳችንን አራሰው።

ስንመለስ ልጁ ገደሉን ሽቅብ የሚወጣ የፍየል መንገድ አየ።

«ጋሼ፣ ዙሪያውን ከምንዞር በዚህ ብንወጣስ?»

እሺ አልኩት። ትልቁ ሰው እኔ ነበርኩ። እምቢ ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

መጀመሪያው ጥሩ ነበር። ድንጋዩ ጥቁር፣ ጠንካራ፣ ለእጅ የሚመች ነው። ግማሽ ላይ ስንደርስ ተለወጠ። ዝናቡ አፈሩን አጥቦ ወስዶታል፤ ድንጋዩ አንዱ በአንዱ ላይ ተደግፎ ቆሟል እንጂ የያዘው ነገር የለም። የጨበጥኩት እንደ ሕፃን ጥርስ ተነቃነቀ። ሌላ ያዝኩ፣ እሱም ተነቃነቀ። ወዲያው ከልጁ እግር ሥር ድስት የሚያህል ድንጋይ ተፈንቅሎ በጆሮዬ አጠገብ ሽው ብሎ አለፈ። ታች ሲያርፍ ለመስማት ጠበቅሁ። በጣም ዘገየ።

ያኔ ነው የጮህኩት። «ኪዳነ ምሕረት እናቴ፣ አውጪን! ይህን ልጅ ለእናቱ መልሺልኝ!» ስለቴን የተሳልኩትም እዚያው ድንጋይ ላይ ተለጥፌ ነው።

ለመውጣት ነበር የጸለይኩት። ከአሥር ሜትር በላይ አልቀረንም፤ ከላይ ሣሩ ይታየናል። ጸሎቴን ስጨርስ ግን ከአፌ የወጣው ሌላ ነው። «እንመለስ» አልኩ። አስቤ የተናገርኩት አይደለም። ድምፄ ራሱ የተረጋጋ ነበር፣ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ።

«ጋሼ፣ ሊያልቅ እኮ ነው!»

«እንመለስ፣ የኔ ልጅ።»

መመለስ እምነት ማነስ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እኔ ያን ቀን የተቀበልኩት መልስ መመለሱ ራሱ ነው። ድንጋይ እጅ ላይ ሁለቴ ከተነቃነቀ ሦስተኛውን መሞከር አያስፈልግም። ወደ ላይ የረገጡትን ወደ ታች መርገጥ ይብሳል፤ እግር የሚያርፍበትን ዓይን አያየውም። ስለዚህ መውረድ እስከቻሉ ድረስ ነው መወሰን።

ሆዳችንን ለገደሉ ሰጥተን ወረድን። እኔ ቀደምኩ፣ ግን በቀጥታ ከሥሩ አልሆንኩም፤ ድንጋይ ቢለቅብኝ እንዳያገኘኝ ወደ ጎን ፈንጠር አልኩ። አንዳችን ስንንቀሳቀስ አንዳችን ቆመን እንጠብቃለን። ሲጨንቀው ክንዴን ዘርግቼ ጫማውን በእጄ እይዝና ድንጋዩ ላይ አስቀምጥለታለሁ። «ቀስ ብለህ ፈትሸው። አሁን ክብደትህን ጣል።» አንድ ቦታ ላይ አንሸራተተው፤ በአንድ እጁ ተንጠለጠለ፣ የቀኝ አውራ ጣቱ ጥፍር ተነቀለ። አላለቀሰም። በሩብ ሰዓት የወጣነውን ለመውረድ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን። እኔ በየእርምጃው «እመቤቴ፣ ይቺን ብቻ» እላለሁ። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

ታች ስንደርስ መሬቱን ሳምኩ። ጣቱን በመሐረቤ አሰርኩለት፤ ከዚያ ዙሪያውን በሰው መንገድ ሄድን።

ላይ ስንደርስ፣ ልንወጣበት የነበረው ቦታ ጋ አንድ እረኛ ልጅ ፍየሎቹን ይጠብቃል። ጠጋ ብዬ አየሁት። ጫፉ ከሥሩ ተቦርቡሮ ወጥቷል። ከታች ሆነን ያየነው ሣር አፈር ላይ አልነበረም፤ ሥሩ አየር ላይ ተንጠልጥሏል።

«ክረምት ላይ ተናደ» አለኝ እረኛው። «ፍየሎቹም በዚያ አይወጡም።»

ቃል አጣሁ። የለመንኩት ወደዚያ እንድታወጣኝ ነበር።

በየካቲት ልጁ ዕረፍት አግኝቶ መጣና አብረን በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርን። ዣንጥላውን እኔ ልያዝ ብል እምቢ አለ። ሐይቁ ያን ቀን ነፋስ ነበረው፤ ጀልባዋ በተወዛወዘች ቁጥር በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ ወደ ደረቱ ያስጠጋዋል። የአውራ ጣቱን አየሁት። አዲሱ ጥፍር ግማሽ ድረስ መጥቷል።