«ከምግብ በፊት» ብዬ ጻፍኩ

ፋርማሲ ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። በአርባዎቹ መጨረሻ ላይ ያሉ አንዲት ደንበኛ ነበሩን፤ እትዬ እላቸዋለሁ። የወር አበባቸው ስለሚበዛ የደም ማነስ ተገኝቶባቸው ሐኪም የአይረን (የብረት ማዕድን) ካፕሱል አዘዘላቸው። ከረጢቱ ላይ «በቀን አንድ፣ ከምግብ በፊት፣ በባዶ ሆድ» ብዬ ጻፍኩ። ወረፋ ነበር። ሌላ ቃል ሳልጨምር ሰጠኋቸው።

ከሁለት ወር በኋላ መጡ። ፊታቸው እንደገረጣ ነው። በራችን ላይ ያሉትን ሦስት ደረጃዎች ወጥተው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ባንኮኒውን ይዘው ቆሙ። የላብራቶሪ ወረቀቱን ዘረጉልኝ። በደማቸው ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን 8.9 የነበረው 9.1 ሆኗል። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 በታች ከሆነ የደም ማነስ ነው። አይረን በደንብ ከገባ ደግሞ በአንድ ወር ውስጥ ቢያንስ አንድ ቁጥር ያህል ከፍ ማለት ነበረበት። ሐኪማቸው «ካልሠራ በደም ሥር የሚሰጠውን እንሞክራለን» ብሏቸው፣ ዋጋውን ጠይቀው ደንግጠዋል።

«እትዬ፣ የዘለሉት ቀን አለ?»

«እግዜር ያያል ልጄ፣ አንድ ቀን አላጎደልኩም።»

«እስኪ ጧት እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ።»

«እንደጻፍሽልኝ ነዋ! ከምግብ በፊት። ቡናው ሲፈላ በአቦሉ ዋጥ አደርገዋለሁ። ቁርስ የምበላው ከዚያ በኋላ ነው።»

«በቡና?»

«ቡና ምግብ ነው እንዴ?»

ዝም አልኩ። እውነታቸውን ነው። እኛ ዘንድ ባዶ ሆድ ማለት እንጀራም ዳቦም ያልገባበት ሆድ ነው። ቡና አይቆጠርም። እናቴም እንዲሁ ናት። ይህን እያወቅኩ ነው ጽፌ ያለፍኩት። ቡናና ሻይ ውስጥ ያሉት ፖሊፊኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አንጀት ውስጥ አይረኑን ይይዙታል፤ አብዛኛው ወደ ደም ሳይገባ ከሰገራ ጋር ይወጣል።

ስናወራ ሌላም ወጣ። ካፕሱሉ ጨጓራቸውን ስለሚያቃጥላቸው ወዲያው የጨጓራ ኪኒን ያኝካሉ። ኪኒኑ የጨጓራ አሲድን ይቀንሳል፤ አይረን ደግሞ በደንብ እንዲገባ ያ አሲድ ያስፈልገዋል። ሰገራቸውም ስለጠቆረ «ደም እየፈሰሰኝ ይሆን?» ብለው ብቻቸውን ሲጨነቁ ከርመዋል። አይረን ሰገራ ያጠቁራል፣ የሚጠበቅ ነው። እንደ ሬንጅ የሚጣበቅና ክፉኛ የሚሸት ከሆነ ግን ቶሎ ሐኪም ማየት አለበት። ይህን ለመንገር ግማሽ ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

ወንበር ሰጥቻቸው አዲስ ሰዓት አወጣን። ጧት 12 ሰዓት ላይ ካፕሱሉን በውሃ፣ ከተገኘም ሎሚ ጠብ አድርገውበት። ቡናው 2 ሰዓት ላይ። ካቃጠላቸው ከትንሽ ዳቦ ጋር ይውሰዱት፤ የሚገባው አይረን ቢቀንስም ጭራሽ ከማቋረጥ ይሻላል። የጨጓራውን ኪኒን በሌላ ሰዓት። ቤታቸው ትንሽ የልጅ ልጅ ስላለ የካፕሱሉን ዕቃ ልጅ የማይደርስበት ቦታ እንዲያስቀምጡም ነገርኳቸው፤ አይረን ከመጠን በላይ ከተወሰደ ሕፃን ሊገድል ይችላል። ለሐኪማቸውም የሆነውን ጽፌ ላክሁ።

በስድስት ሳምንት ሄሞግሎቢናቸው 11.4 ገባ። ደረጃውን ሳያርፉ ወጡት። «ድኛለሁ፣ ላቁመው» አሉኝ። ደሙ ገና 12 አልደረሰም። ቢደርስም ጎተራው ባዶ ነው፤ ሰውነት የሚያጠራቅመው አይረን እስኪሞላ ከዚያ በኋላም ሦስት ወር ያህል መቀጠል እንደሚያስፈልግ አስረዳኋቸው።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ከቡና ጋር ልጣላ?»

«አይጣሉም እትዬ፣ ሁለት ሰዓት ብቻ ያስጠብቁት።»

በዚያው ሳምንት ተመልሰው መጡ። አንዲት የገረጣች ጎረቤታቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ ማዘዣው በእሷ እጅ ነው።

«የቡናውን ንገሪያት» አሉኝ።