ወሊጋማ ወይስ አሩጋም ቤይ? ለሰርፊንግ ወደ ስሪላንካ ከመነሳት በፊት

ወደ ስሪላንካ ለሰርፊንግ (በቦርድ ላይ ቆሞ ማዕበል ለመጋለብ) ስንጓዝ ከትኬቱ በፊት የምንቆርጠው የባሕር ዳርቻውን ነው። ደሴቲቱ ላይ ሞንሱን የሚባሉ ሁለት ወቅታዊ ነፋሶች ይፈራረቃሉ፤ አንዱ ዳርቻ ሲናወጥ ሌላው ይረጋጋል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ደቡብና ደቡብ ምዕራቡ ያምራል፦ ሂካዱዋ፣ ሚዲጋማ፣ ወሊጋማ፣ ሚሪሳ። ከግንቦት እስከ መስከረም ደግሞ ተራው የምሥራቁ የአሩጋም ቤይ ነው። በሐምሌ ወሊጋማ የወረደ ሰው ማዕበል አያጣም። የሚያጣው ቅርጽ ያለው ማዕበል ነው፤ ከባሕር ወደ የብስ የሚነፍሰው ነፋስ ሞገዱን ገና ሳይቆም ይበታትነዋል። ስለዚህ ርካሽ ትኬት አይቶ ወር መምረጥ ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው።

ወሩ ከተወሰነ በኋላ የምከታተለው የባሕር ትንበያውን ነው። ብዙ ጀማሪ የማዕበሉን ቁመት ብቻ ያያል። እኔ ግን ቀድሜ የማየው በሁለት ሞገዶች መካከል ያለውን ሰከንድ ነው። 1 ሜትር ቁመት በ7 ሰከንድ ማለት እዚያው አካባቢ በነፋስ የተነሳ፣ የተቆራረጠና ደካማ ሞገድ ነው። ያው 1 ሜትር በ14 ሰከንድ ከሆነ ግን ሞገዱ ከሩቅ ደቡብ ከተነሳ ዐውሎ ነፋስ ተስተካክሎ የመጣ ነው፤ ጉልበቱም እጥፍ ገደማ ይሆናል። ለጀማሪ 14 ሰከንድ ሲባል ቁመቱ ትንሽ ቢመስልም እንኳ መጠንቀቅ ይገባል። ትንበያው ከአንድ ሳምንት በላይ ስለማይታመን የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ሌሊቶች ብቻ አስይዞ ቀሪውን ክፍት መተው ይሻላል።

ቦታውን ከችሎታ ጋር ማጣጣም ቀጣዩ ነው። ወሊጋማ ሰፊ የባሕር ወሽመጥ ነው፤ ከሥሩ አሸዋ ስለሆነ ወድቆ መነሳት አይጎዳም። ከዚያ በባጃጅ ትንሽ ራቅ ብሎ ሚዲጋማ አለ፤ እዚያ ማዕበሉ የሚሰበረው ኮራል ድንጋይ ላይ ነው። 1 ሜትር የሚሆን ማዕበል የሚሰበረው 1.3 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ስለሆነ ከበላይህ የተጣለው ውኃ ከሥርህ ካለው ድንጋይ ጋር ያገናኝሃል። በስሪላንካ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ያለው ልዩነት ከ1 ሜትር በታች ነው፤ ድንጋይ ላይ ግን ግማሽ ሜትርም ልዩነቱ ትልቅ ነው። ስትወድቅ በእግርህ ወይም በጭንቅላትህ አትዝለቅ፤ በጀርባህ ተዘርግተህ ውደቅ። በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ የባሕር ጃርት (እሾኻም የባሕር እንስሳ) አለ።

ቦርድን በተመለከተ፣ ለጀማሪ 8 ጫማ (2.4 ሜትር) ስፖንጅ ቦርድ በቂ ነው፤ ወሊጋማ ላይ ይከራያል፤ ከአገር ተሸክሞ መሄድ አያስፈልግም። የራሱን የሚወስድ ግን አየር መንገዱ የሚቀበለውን ርዝመት ትኬት ከመቁረጡ በፊት ይጠይቅ። ከቦርዱ ሥር ያሉትን ክንፎች ፈትተህ ከብሎኖቹና ከመፍቻው ጋር በአንድ ከረጢት አስገባ (ያቺ ትንሽ መፍቻ ከጠፋች ቦርዱ አይጠቅምም)። እግር እንዳያንሸራትት ቦርዱ ላይ የተቀባውን አሮጌ ሰም ፍቀህ አውርድ፤ ሙቀት ሲያገኘው ይቀልጥና ሻንጣውን ሁሉ ያጨቀያል። አፍንጫውንና ጭራውን በልብስ ወይም በፎጣ ጠቅልል፤ የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ እነዚያ ጋ ነው። ስንጥቅ የሚጠገንበት ሬዚን (ፈሳሽ ማጣበቂያ) እና ማጠንከሪያው አደገኛ ኬሚካል ስለሆኑ እነሱን እዚያው መግዛት ይሻላል። ለጊዜው ውኃ እንዳይገባ በደንብ በደረቀ ስንጥቅ ላይ አልሙኒየም ፕላስተር መለጠፍ ይበቃል። ቦርዱን ፀሐይ ላይ ወይም በተዘጋ መኪና ውስጥ መተው ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ውስጡ ያለው አየር ይለጠጥና የላዩን ልባስ ከውስጡ ፎም (ስፖንጅ) ያላቅቀዋል።

ባሕሩ ከ27 እስከ 29 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚሞቅ የሚያስፈልገው የሐሩር ባሕር ሰም ነው፤ ለቀዝቃዛ ውኃ የተሠራው ወዲያው ይሟሟል። እጀ ረጅም የዋና ሹራብ ከፀሐይም ሆነ ቦርዱ ደረት ላይ ከሚያመጣው ፍግታ ያድናል። ወሊጋማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 6 ዲግሪ ላይ ናት፤ ፊት ላይ ዚንክ ያለው ቅባት ካልተቀባ በቀር አንድ ጠዋት ይበቃል ቆዳን ለማቃጠል። ኮራል የቧጠጠውን ቁስል ወዲያው በንጹሕ ውኃ አጥበህ ቅንጣቱን በለስላሳ ብሩሽ አውጣ። ቅንጣት ከቀረበት ይመረቅዛል፤ ጉዞውም በዚያው ያበቃል።

ለባሕሩ የሚመረጠው ሰዓት ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ነው። ሌሊት የቀዘቀዘው የብስ አየሩን ወደ ባሕር ስለሚገፋ ማዕበሉ ለስልሶ ይቆማል። ምድሩ ሲግል ነፋሱ ይዞራል። ውኃ ውስጥ ደግሞ አንድ ደንብ አለ፦ ማዕበሉ መሰበር ከጀመረበት ጫፍ ቅርብ የሆነው ሰው ቅድሚያ አለው። በአሩጋም ቤይ ማዕበሉ በሚሰበርበት ዋናው ቦታ ላይ ሰው ስለሚበዛ ይህን ያላወቀ ራሱንም ሌላውንም ይጎዳል።

የመግቢያ ፈቃዱ፣ ኢቲኤ የሚባለው፣ ከጉዞ በፊት በኢንተርኔት ይሞላል። ከኮሎምቦ ፎርት ጣቢያ ወደ ማታራ የሚሄደው ባቡር በባሕሩ ጠርዝ አልፎ ወሊጋማ ይቆማል፤ ረጅም ቦርድ ለያዘ ግን መኪና ይቀላል። አሩጋም ቤይ ሩቅ ስለሆነ ከአውሮፕላን ማረፊያው አንድ ሙሉ ቀን መመደብ ያስፈልጋል። ከደረስክ በኋላ ጣሪያው ላይ ቦርድ ማሰሪያ ያለው ባጃጅ ፒናት ፋርምና ዊስኪ ፖይንት ወደሚባሉት የሰርፊንግ ቦታዎች ያደርስሃል። ከባሕሩ ኋላ ባሉት ሐይቆች አዞ፣ በመንገዱም ዝሆን ስላለ፣ ከመጨረሻው ማዕበል ሳይመሽ የምትወጣበትን ሰዓት ከሹፌሩ ጋር ቀድመህ ተነጋገር።