ባዶ ሆዴን ሲገለብጠኝ የከረመው

ጠዋት ጠዋት የጥርስ ብሩሹ ምላሴን ሲነካው ይጀምረኝ ነበር። ቋቅ ይለኛል፣ ሆዴ ወደ ላይ ይሰበሰባል፣ ዓይኔ እንባ ያቀርራል፤ ከአፌ ግን ከምራቅ በቀር ምንም አይወጣም። አንዳንድ ቀን ትንሽ መራራ ቢጫ ሐሞት ጠብ ይላል። ባለቤቴ ጎድጓዳ ሳህን ይዛ አጠገቤ ትቆማለች፤ ሳህኑ ባዶውን ይመለሳል። ሦስት ወር እንዲህ ሆኜ ከረምኩ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። የምሠራው ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ከስፌት መኪኖች ድምፅ ስሙን ባገኘው በመኪና ግርግር መንገድ ላይ ነው። እዚያ የታመመ ሰው ምክር አያጣም። አንዱ «ምች ነው» ብሎ ዳማ ከሴ ጨመቀልኝ፤ ሌላው «ጨጓራ ነው» ብሎ ተልባ አስጠጣኝ። አንድ ክሊኒክ ደግሞ ደሜን መርምሮ «የጨጓራ ባክቴሪያ አለብህ» አለና የ14 ቀን ፀረ ተሕዋሲያን መድኃኒት ሰጠኝ። መድኃኒቱ አፌን ብረት ብረት እያሰኘ ማቅለሽለሹን አባሰው። በደም ውስጥ የሚታየው ምልክት ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ እንደሚቆይ፣ አሁን መኖሩን የሚለየው የሰገራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ እንደሆነ የተረዳሁት ኋላ ነው።

መውጫውን ያሳየኝ የልኬት ደብተሬ ነው። ከፊት የደንበኞቼ ደረት፣ ወገብና ቁመት ተጽፎበታል፤ እኔ ከኋላ ገልብጬ የራሴን ሕመም መመዝገብ ጀመርኩ። በስንት ሰዓት እንደመጣብኝ፣ ማታ ምን እንደበላሁ፣ ቀን ጫት መቃሜን አለመቃሜን ሁሉ ጻፍኩ። በ12 ቀን ውስጥ 9 ጠዋት ሆዴን ገልብጦኛል። በዘጠኙም ዋዜማ ቅሜ፣ ራት ሳልበላ ተኝቻለሁ። በሁለቱ ሰኞ ጠዋቶችና እንግዳ መጥቶ ሥራ ባልገባሁበት ቀን ማግስት ግን ደህና ነበርኩ።

ደብተሩን ይዤ ወደ ሌላ ሐኪም ሄድኩ። ወጣት ናት፤ ገጾቹን አንድ በአንድ አነበበች።

«ጋሼ፣ እሑድ የማያደርጉት ምንድን ነው?»

«አልሰፋም፣ አልቅምም።»

«ካልሰፉ የማያምዎት ነገር አለ?»

«አንገቴ።»

«አንገትዎን ሲያምዎትስ ምን ይወስዳሉ?»

በዚህ ጊዜ ነው የስፌት መኪናዬ መሳቢያ ትዝ ያለኝ። ከመርፌና ከክር ጋር ዲክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ እሽግ እዚያ አይጠፋም፤ ማታ ማታ አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት እውጣለሁ። «መድኃኒት ትወስዳለህ?» ላለኝ ሁሉ «አልወስድም» ስል የከረምኩት እየዋሸሁ አልነበረም። ያለ ማዘዣ የምገዛውን የአንገት ኪኒን ከመድኃኒት አልቆጥረውም ነበር።

ዲክሎፌናክም ሆነ ዘመዶቹ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቀውን ሽፋን ያሳሳሉ። ጫት ደግሞ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ጨጓራ የያዘውን ቶሎ እንዳያወርድም ያዘገያል። እኔ ሁለቱን በባዶ ሆድ ደርቤ እተኛ ነበር።

ሐኪሟ ግን በዚህ አላበቃችም፤ እኔም በጣም የማመሰግናት ለዚህ ነው። የማስታወክ ትእዛዝ የሚወጣው ከሆድ ሳይሆን ከአንጎል ግንድ ነው ብላ አስረዳችኝ። ትእዛዙ ሲደርስ የሆድ ጡንቻና ደረትን ከሆድ የሚለየው ድያፍራም ይኮማተራሉ፤ ጨጓራ ባዶ ከሆነ የሚወጣ የለም። ያንን የአንጎል ክፍል የሚቀሰቅሰው ብዙ ነው፦ የውስጥ ጆሮ ችግር፣ ማይግሬን፣ ከፍ ያለ ስኳር፣ የጉበት በሽታ፣ ኩላሊት ሲደክም በደም የሚጠራቀም ቆሻሻ፣ ብርቱ ጭንቀት። ሴት ብትሆን መጀመሪያ የሚጠየቀው እርግዝና ነው። ስለዚህ ስኳሬንና ኩላሊቴን መረመረች፤ ዲክሎፌናክ ኩላሊትንም ይጎዳልና። ዕድሜዬ ከ50 ስላለፈ የልብ ምርመራም አስነሳችኝ፤ የልብ ሕመም አንዳንዴ የጨጓራ ሕመም መስሎ ይመጣል። ልጄን ልጠይቅ ድሬዳዋ ወርጄ እንደነበር ስነግራት ደግሞ ስለ ትኩሳት ጠየቀችኝ። ድሬ ወባም በትንኝ የሚተላለፈው የደንጊ ትኩሳትም አለ፤ ደንጊ የያዘው ሰው እነዚህን ማስታገሻዎች ቢወስድ የመድማት አደጋው ይጨምራል። ሁሉም ነፃ ወጣ። የሰገራውን ናሙና የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ከመጀመሬ በፊት አስወሰደችው፤ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ከምርመራ ሊደብቀው ይችላል። እሱም አልተገኘብኝም።

ስወጣ አስጠነቀቀችኝ። ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ካስመለሰ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደረት ጨምድዶ ላብ ካጠመቀ፣ ሆድ ተነፍቶ ፈስም ሰገራም እንቢ ካለ፣ ብርቱ ራስ ምታት ከአንገት መገተር ጋር ከመጣ፣ ወይም የተጎነጩት ውኃ እንኳ አልረጋ ካለ ያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ይህን ደብተሩ ላይ ጻፍኩት።

ዲክሎፌናኩን አስቆመችኝ፣ ለአንገቴ ፓራሲታሞል ተካችልኝ፣ ኦሜፕራዞሉን ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት ለአራት ሳምንት ዋጥኩ። ጫቱን ጨርሼ አልተውኩትም፤ በሳምንት ወደ ሁለት ቀን አውርጄዋለሁ፣ በቃምኩበት ቀንም ቢያንስ ሾርባ ሳልቀምስ አልተኛም። የመኪናዬን ጠረጴዛ እግሮች ደግሞ በእንጨት አራት ጣት ከፍ አደረግኳቸው፤ አንገቴን ደፍቼ መስፋት ቀረ፣ ሕመሙም ቀለለ። በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት ጠዋት የሚገለብጠኝ ነገር ቆመ። ባለቤቴም ሳህኑን ወደ ማዕድ ቤት መልሳዋለች።